የእጅ እብጠት፤ የሚቆየውና የማያድረው

የእናት እጅ ዕረፍት የለውም። ሊጥ ያቦካል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ልብስ ያጥባል፣ ሕፃን ያነሣል፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ከሰውነታችን ክፍሎች መካከል የእጅን ያህል የሚወጋ፣ የሚቆረጥና የሚቃጠል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለሆነም በእጅ ላይ እብጠት መታየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያሳስበው እብጠቱ በታየ ጊዜ የምንወስደው እርምጃ ነው።

ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲፈጸም ይታያል። አንዱ ምንም ጉዳት የሌለውን እባጭ ከክፉ በሽታ ቆጥሮ መጨነቅ፣ ማሳሸት፣ ማስቆረጥና በእሳት ማስተኮስ ነው። ሌላውና የከፋው ደግሞ አንድ ሌሊት እንኳ ሊሰጠው የማይገባውን እብጠት «ነገ ይሻለኛል» እያሉ ማሳደር ነው። በመጀመሪያው ስሕተት ገንዘብና ቆዳ ይጎዳል፤ በሁለተኛው ጣት ይጠፋል፣ አንዳንድ ጊዜም እጅ፣ ከዚያም አልፎ ሕይወት ይጠፋል። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ እነዚህን ሁለት ዓይነት እብጠቶች ለይቶ ማሳየት ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ሁሉ የምሥራቅ ጎጃሟን ዲማን በስም ያውቃታል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ደብሯና በቤተ ክርስቲያን ትምህርቷም ስሟ የታወቀ ነው። እኛ ግን ለዛሬው ርዕሳችን በዲማ የምትኖር የአንዲት የቤት እመቤት እጅ ምን እንደሚገጥመው እናስብ። ይህች እናት ጥጥ ትፈትላለች፤ በወስፌ አክርማ እየሰፋች ሰፌድና መሶብ ትሠራለች፤ በአጋምና በቀጋ ቁጥቋጦ መካከል እንጨት ትለቅማለች፤ ለዓመት በዓል በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን ታጥባለች። እጇ ባበጠ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ድረስ ለመሄድ የመሳፈሪያ ገንዘብና ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰው ያስፈልጋታል፤ የቀን ሥራዋም ይስተጓጎላል። ስለዚህ «ይህ እብጠት መንገድ ያስኬዳል ወይስ አያስኬድም? ዛሬ ነው ወይስ ለሌላ ሳምንት ይቆያል?» ብላ መጠየቋ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራውም እናት አለቃዋን ፈቃድ ከመጠየቋ በፊት ይህንኑ ጥያቄ ለራሷ ታቀርባለች። መልሱን ማወቅ ለሁለቱም እኩል ይጠቅማል።

ሳይቸኩሉ የሚታዩ እባጮች

በእጅ ላይ ከሚወጡ እባጮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ሐኪሞች ጋንግሊዮን ብለው የሚጠሩት ነው። ይህ እባጭ ከመገጣጠሚያ ወይም ከጅማት ሽፋን የሚወጣ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የተዝለገለገ ጥርት ያለ ፈሳሽ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በእጅ አንጓ ጀርባ ላይ ነው። አንዳንድ ጊዜም በአንጓው የውስጥ በኩል በአውራ ጣት አቅጣጫ ወይም በጣት ሥር ይወጣል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ በተለይም ከ20 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ላይ። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከአተር ፍሬ እስከ ትልቅ ወይን ፍሬ ያህላል። ሥራ ሲበዛ ያድጋል፣ እጅ ሲያርፍ ይቀንሳል። በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ቢያስጠጉበት ውስጡ ፈሳሽ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል።

ስለ ጋንግሊዮን ማወቅ የሚገባው ዋና ነገር ካንሰር አለመሆኑና ወደ ካንሰርም የማይለወጥ መሆኑ ነው። ከተያዙት ሰዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ፣ ዓመታት ቢፈጅም፣ ያለ ምንም ሕክምና በራሱ ይጠፋል። ካላመመና ሥራ ካላስፈታ መተው ይቻላል። የሚያስቸግር ከሆነ ሐኪም በመርፌ ፈሳሹን ይቀዳዋል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ከታከሙት ብዙዎቹ ላይ ተመልሶ ይሞላል። በቀዶ ሕክምና ከሥሩ ሲወጣ የመመለሱ ዕድል ያንሳል፤ ፈጽሞ አይመለስም ማለት ግን አይደለም።

ቀድሞ በአውሮፓ ሰዎች ይህን እባጭ በከባድ መጽሐፍ፣ ብዙውን ጊዜም በመጽሐፍ ቅዱስ፣ መትተው የማፈንዳት ልማድ ነበራቸው። በእኛም አገር ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማሳሸትና ማስጨፍለቅ ይዘወተራል። ከረጢቱ ሲፈነዳ እባጩ ለጊዜው ይጠፋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በዚህ መካከል በዙሪያው ያሉት ጅማቶችና ትናንሽ አጥንቶች ይጎዳሉ። በመርፌ ወይም በምላጭ ቤት ውስጥ መብጣት ደግሞ የበለጠ አደገኛ ነው። በአንጓው የውስጥ በኩል፣ የልብ ትርታ በምንዳስስበት ቦታ የሚወጣው ጋንግሊዮን ከደም ሥር ጋር ተጣብቆ ሊገኝ ስለሚችል፣ ያልሠለጠነ ሰው ቢወጋው ደም ሥሩን ሊበሳው ይችላል።

ሁለተኛው የተለመደ ችግር የጅማት እብጠት ነው። ጣቶቻችንን የሚያጥፉት ጅማቶች እንደ ገመድ ሆነው በጠባብ ዋሻ ውስጥ ያልፋሉ። ጅማቱ ወይም ዋሻው በሚያብጥበት ጊዜ ጅማቱ እንደ ልቡ አይመላለስም። በመዳፍ ላይ፣ ከጣቱ ሥር፣ በዳሰሳ የሚታወቅ ትንሽ ጠጣር እባጭ ይገኛል፤ ጣቱም ታጥፎ ይቀርና ሲዘረጉት ቀጭ ብሎ ይፈታል። ይህ በተለይ የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። በአንድና በሁለት ዓመት ሕፃናት ላይም የአውራ ጣት ታጥፎ መቅረት ይታያል። እናቶች ይህን ሲያዩ «ወድቆ ተሰብሮ ይሆናል» ብለው ልጁን ለማሳሸት ይወስዱታል። ጣቱን በኃይል መዘርጋት አይገባም። ብዙ ሕፃናት ላይ በጊዜ ብዛት ይፈታል፤ ካልተፈታም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

አዲስ የወለደች እናት በአንጓዋ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ እብጠትና ብርቱ ሕመም ሊሰማት ይችላል። ምክንያቱ ሕፃኑን በብብቱ ይዛ ስታነሣ አውራ ጣቷን ደጋግማ መወጠሯ ነው። ይህ ሕመም በእንፋሎትና በቅቤ አይወጣም፤ የሚፈልገው ዕረፍት ነው። ሕፃኑን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አንጠልጥሎ ከማንሣት ይልቅ መዳፍን ከመቀመጫውና ከጀርባው ሥር አስገብቶ ማንሣት ሕመሙን በብዙ ይቀንሰዋል። ካልተሻላት ጤና ጣቢያ ሄዳ አንጓዋን የሚያሳርፍ ድጋፍ ሊታሰርላት ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ ለስላሳና ከቆዳ ሥር የሚንሸራተት የስብ እባጭ አለ። ቀደም ሲል በመርፌ፣ በወስፌ ወይም በቢላዋ በተወጋ ቦታ ላይ ቆዳ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ጠጣር ከረጢትም አለ። በዕድሜ የገፉ እናቶች ደግሞ በጣታቸው ጫፍ መገጣጠሚያዎች ላይ አጥንት የመሰለ አንጓ ያወጣሉ። እነዚህ ሁሉ በቀስታ የሚያድጉ ናቸው። ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ ነገር ግን ሌሊት የሚያስነሡ አይደሉም።

እሾህ የቀረበት እጅ ግን ለብቻው ሊታሰብ ይገባዋል። የአጋም ወይም የቀጋ እሾህ፣ ወይም የእንጨት ስንጥር፣ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ቁስሉ ከላይ ይድንና ከሳምንታት በኋላ በቦታው እባጭ ይወጣል። በተለይ እሾሁ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ጣቱ አብጦ ለወራት አልታጠፍ ይላል። በዚህ ጊዜ ታካሚዋ «ከብዙ ጊዜ በፊት እሾህ ወግቶኝ ነበር» ብላ ለሐኪሙ መንገር አለባት። የእንጨት ስንጥር በራጅ ስለማይታይ፣ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ከብዙ ድካም ያድነዋል።

አንድ ሌሊት የማይሰጣቸው እብጠቶች

አሁን ወደ አስቸኳዮቹ እንምጣ። እነዚህ በመግል የሚመጡ ናቸው። ምልክታቸውም ሙቀት፣ ቅላትና እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ሕመም ነው።

ቀላሉ በተለምዶ ጥፍረ መጥምጥ የሚባለው የጥፍር ዙሪያ እብጠት ነው። ጥፍርን በጥርስ በመንከስ፣ የጥፍር ዙሪያ ቆዳን በመላጥ ወይም እጅን ቀኑን ሙሉ በውኃና በሳሙና በመንከር ይመጣል። ገና ሲጀምር፣ መግል ሳይቋጥር፣ ጣቱን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ ሊያድነው ይችላል። መግል ከቋጠረ ግን በጤና ባለሙያ እጅ በንጹሕ መሣሪያ መፍሰስ ይኖርበታል።

ከዚህ የከፋው የጣት ጫፍ ሥጋ መግል ሲቋጥር ነው። በስፌት ላይ ሳለች ወስፌ ወይም መርፌ የወጋት እናት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የጣቷ ጫፍ ተወጥሮ፣ ቀልቶና ጠጥሮ ታገኘዋለች። የጣት ጫፍ ሥጋ በውስጡ በብዙ ትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ስለሆነ መግሉ የሚሄድበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ይወጥራል፤ ሲወጥር የደም ዝውውሩን ይዘጋል፤ ደም ያላገኘው ሥጋና አጥንትም ይሞታል። ለዚህ የቆየ የሐኪሞች መመሪያ አለ፤ ይኸውም እንቅልፍ የነሣ ጣት መግል ይዟል የሚል ነው። ሕመሙ ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛት እናት በማግሥቱ ጠዋት ሥራዋን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። ፌጦ መለጠፍም ሆነ ሽንኩርት ጠብሶ ማሰር በውስጥ የታፈነውን መግል አያወጣም፤ ጊዜ ብቻ ይወስዳል።

ጣቱ ላይ የተወጠረና ቀይ እብጠት ሳይሆን ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ ፊኛዎች ተሰብስበው ቢታዩ ግን መቁረጥ አይገባም። ይህ በቫይረስ የሚመጣ፣ በአፍ ዙሪያ ምች የምንለውን የሚያስከትለው ዓይነት ሕመም ሊሆን ስለሚችል በምላጭ መክፈት ያባብሰዋል። ለዚህም ነው የትኛው እንደሚቆረጥና የትኛው እንደማይቆረጥ ባለሙያ መለየት ያለበት።

ከሁሉም የሚያስፈራው መግል በጅማት ዋሻ ውስጥ የገባበት ጣት ነው። አለን ካናቬል የተባለው የቺካጎ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ እጅ ቁስለት ባሳተመው መጽሐፉ የታወቀ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በስሙ የሚጠሩ አራት ምልክቶች አሉ። ማንም እናት ልትመለከታቸው የምትችል ስለሆኑ እዚህ እንዘረዝራቸዋለን። አንደኛ፣ ጣቱ በጥቂቱ ታጥፎ ይቀራል። ሁለተኛ፣ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ጣቱ በሙሉ ከሥር እስከ ጫፍ ወጥ ሆኖ ያብጣል። ሦስተኛ፣ በመዳፍ በኩል ከጣቱ ጫፍ እስከ ሥሩ በጅማቱ መስመር ሲነካ ያማል። አራተኛ፣ ሌላ ሰው ጣቱን በቀስታ ቀና ሊያደርገው ሲሞክር ሕመሙ የማይቻል ይሆናል። እነዚህ በታዩ ጊዜ የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው። ጅማቱ በመግል ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል፤ ጣቱም ቢድን እንኳ ዳግመኛ አይታጠፍም። ከዲማ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ ያለውን መንገድ በሌሊትም ቢሆን የሚያስኬደው እንዲህ ያለው ጣት ነው።

የመዳፍ መግልም ሰውን ያታልላል። የመዳፍ ቆዳ ወፍራምና ጥብቅ ስለሆነ እብጠቱ ጎልቶ የሚታየው ቆዳው ልል በሆነበት በእጅ ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ የእጅ ጀርባ አብጦ ሲታይ መዳፍንም ዳስሶ ሕመሙ ከየት እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ከእጅ ተነሥቶ ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር፣ በብብት ሥር ንፍፊት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ከተጨመሩ መርዙ ወደ ደም እየገባ ነውና ጊዜ አይሰጥም። የስኳር በሽታ ያለባት እናት ደግሞ ትንሿን የእጅ ቁስል እንኳ ልትንቅ አይገባም፤ በስኳር ሕሙማን እጅ ላይ መግል በፍጥነት ይሠራጫልና።

ለሠራተኞች አንድ ቃል እንጨምር። በጋራዥና በፋብሪካ ቅባት ወይም ቀለም በከፍተኛ ግፊት በሚረጩ መሣሪያዎች የሚሠሩ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ፈሳሹ ጣታቸውን ወግቶ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ስለሚያህልና መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያም ይናቃል። ነገር ግን ቅባቱ በጣቱ ውስጥ ተሠራጭቶ ሥጋውን ይገድላል። ይህ አደጋ በዚያው ቀን፣ ጣቱ ሳያብጥም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። የሰው ጥርስ፣ የድመትና የውሻ ንክሻም እንዲሁ ነው። የውሻ ንክሻ ከሆነ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት መጠየቅ ግዴታ ነው።

ከከብትና ከበግ የሚመጡ እብጠቶች

በበዓል ሰሞን በግና ፍየል የሚነኩ እጆች ሌላ ዓይነት እብጠት ያወጣሉ። አፉ የቆሰለ በግ ወይም ፍየል የነካ ሰው ከቀናት በኋላ በጣቱ ላይ ቀይ ሆኖ መካከሉ ነጣ ያለ፣ ኋላም የሚረጥብ እባጭ ሊወጣበት ይችላል። ይህ ከበጎች የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሳምንት ገደማ ራሱ ይድናል፤ መቁረጥ አያስፈልገውም።

ይህን ከአባ ሰንጋ ለይቶ ማወቅ ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። አባ ሰንጋ ድንገት ከሞተ ከብት፣ በግ ወይም ፍየል፣ ከሥጋውም ከቆዳውም ይያዛል። በእጅ ላይ መጀመሪያ እንደ ትንኝ ንክሻ የሚያሳክክ ትንሽ ብጉር ይወጣል፤ ቀጥሎ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዚያም መካከሉ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይደርቃል፤ ዙሪያው በብዙ ያብጣል። የሚያስደንቀው ቁስሉ ይህን ያህል አስከፊ ሆኖ ሳለ ሕመም የሌለው ወይም ጥቂት ብቻ መሆኑ ነው። ሕመም የለውም ተብሎ ሲናቅ ሰው ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት በደንብ ይድናል። የፍየል ቆዳ ፍቀው ብራና በሚያዘጋጁ፣ ቆዳ በሚነግዱና በሚያለፉ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ በይበልጥ መታወቅ አለበት። ድንገት የሞተ ከብት አይገፈፍም፣ አይበላም፤ ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል።

ስለ ሌላው አካል የሚናገሩ እብጠቶች

አንዳንድ ጊዜ እጅ የሚያብጠው በእጅ ሕመም አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት በእርግዝናዋ ማለቂያ ወራት እግሯ ማበጡ የተለመደ ነው። ከአምስተኛው ወር በኋላ ግን እጇና ፊቷ በድንገት አብጦ ቀለበቷ አልወጣ ካላት፣ ራሷን ብርቱ ሕመም ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት ወይም ከጎድን አጥንቷ ሥር ካመማት የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ይህ እናትንም ሕፃንንም ሊያሳጣ የሚችል አደጋ በመሆኑ የደም ግፊቷ በዚያው ቀን መለካት አለበት። የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ብዙ ሕይወትም ያድናል።

በሁለቱም እጆች የጣት መገጣጠሚያዎች እኩል የሚያብጡ፣ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ የሚሉና ይህም ለሳምንታት የሚቆይ ከሆነ በሴቶች ላይ የሚበዛው የመገጣጠሚያ ቁጣ በሽታ ሊሆን ይችላል። «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው» ብሎ መተው ጣቶቹን ለዘለዓለም ያጣምማቸዋል፤ ቶሎ የሚጀመር መድኃኒት ግን ይከላከላቸዋል። ሪህም እንዲሁ ለብዙ ዓመታት ካልታከመ በጣቶች ላይ እንደ ኖራ ያለ ነገር የያዙ ጠጣር እባጮች ያወጣል። የሕፃን አንድ ጣት ያለ ብዙ ሕመም ለሳምንታት አብጦ ከቆየ ደግሞ የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል በራጅ መታየት አለበት።

ሥጋ ደዌንም መርሳት አይገባም። እጅ ላይ ሙቀትና ሕመም የማይሰማው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ቦታ መውጣቱ፣ የትንሹ ጣት መደንዘዝና መታጠፍ፣ በክርን ውስጥ የነርቩ እንደ ገመድ መወፈር ምልክቶቹ ናቸው። በምጣድ ላይ ጣቷ ሲቃጠል ያልተሰማት፣ ቁስሉን ያየችው በማግሥቱ እጇ ካበጠ በኋላ የሆነ እናት በፍጥነት መመርመር አለባት። ይህ በሽታ እርግማን አይደለም፤ በዘርም አይወረስም። ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት ፈጽሞ ይድናል። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት በዚህ በሽታ የተጎዱ እጆችን በቀዶ ሕክምናና በእንቅስቃሴ ሕክምና በማቅናት በአፍሪካ ስሙ የታወቀ ነው።

በእጅ ላይ ካንሰር የሚወጣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ቢሆንም በወራት ውስጥ ሳያቋርጥ የሚያድግ፣ ጠጥሮ ከሥሩ አልንቀሳቀስ የሚል፣ የቆሰለና ያልዳነ እባጭ፣ እንዲሁም በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክት ለሐኪም ይታይ። ቆዳቸው ያለ ቀለም የተወለዱ ልጆች በእጃቸው ጀርባ ላይ የማይድን ቁስል ካዩ ፀሐይ ያመጣው ካንሰር ሊሆን ስለሚችል አይዘገይ። ረጅም እጅጌና ባርኔጣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይልበሱ።

ሊደረግና ሊተው የሚገባው

እጅ ማበጥ ሲጀምር መጀመሪያ የሚደረገው ቀለበትንና አምባርን ማውለቅ ነው። እብጠቱ ከበረታ በኋላ ቀለበት ጣትን አንቆ ደም ይከለክላል። አልወጣ ካለ በሳሙና ወይም በቅባት አለስልሶ እያሽከረከሩ ማውጣት፣ ካልሆነም በጤና ተቋም ማስቆረጥ ይሻላል። ከጣት ቀለበት ይርከስ! ቀጥሎ እጅን ከልብ ከፍ አድርጎ፣ ሲተኙም በትራስ ላይ ማሳረፍ እብጠቱንና ሕመሙን ይቀንሳል። ቁስል ካለ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ላላ ብሎ ይሸፈን። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰዱ አስታውሶ ለባለሙያው መንገርም ይጠቅማል።

የሚተው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ያበጠ እጅ አይታሽም። በምላጭ አይበጣም፣ በእሳትም አይተኮስም። እበት፣ አፈርና ያልታወቀ ቅጠል በቁስል ላይ አይደረግም። ከመድኃኒት ቤት በግምት የተገዛ ክኒን በውስጥ ያለውን መግል አያፈስም፤ ሕመሙን ለጊዜው አስታግሶ ጊዜ ያስባክናል እንጂ። ወድቆ እጁ ያበጠ ልጅ በወጌሻ በሸምበቆና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም ተከልክሎ እጁ የሞተበት አጋጣሚ በሀገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይቷል። የታሰረ እጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ልጁ ሳያቋርጥ ካለቀሰ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት መፈታት አለበት። ወጌሻው ይቀየመናል ብሎ መጠበቅ የልጅን እጅ ያስከፍላል።

ሁሉንም በአጭሩ ለማጠቃለል፣ እጅ ባበጠ ጊዜ አራት ጥያቄዎች ይቅረቡ። ሌሊት እንቅልፍ ነሥቷል ወይ? ሙቀትና ቅላት አለው ወይ? ጣቱ መዘርጋትና መታጠፍ እንቢ ብሏል ወይ? ትኩሳት ወይም ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር አለ ወይ? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎን» ከሆነ መንገዱ የዛሬ ነው። ሁሉም «አይደለም» ከሆኑና እባጩ በቀስታ የመጣ፣ የማያም፣ ከቆዳ ሥር የሚንሸራተት ከሆነ ሥራን አደላድሎ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ በተመቸ ሳምንት መታየት ይቻላል። ከእነዚህ ጥያቄዎች ውጭ ሆነው ነገር ግን የማይቆዩት ሕመም የሌለው ጥቁር ቁስል፣ የነፍሰ ጡር እናት እጅና ፊት ድንገት ማበጥ፣ የእንስሳና የሰው ንክሻ፣ እንዲሁም በግፊት የገባ ቅባት መሆናቸውን ሁሉም ያስታውስ።

በከተማ የምንኖር ብዙዎቻችን በዲማም ሆነ በሌላ የገጠር ቀበሌ እናት፣ እኅት ወይም አክስት አለን። ስልክ ደውለን ጤንነታቸውን ስንጠይቅ «እጄን ትንሽ አሞኝ ነበር» ካሉን በ«እግዜር ይማርሽ» ብቻ አንለፈው። እንቅልፍ ነሥቷቸው እንደሆነ፣ ጣታቸው ይታጠፍ እንደሆነ እንጠይቅ። የመሳፈሪያው ገንዘብ ቸግሯቸው ከሆነም እንላክላቸው። እናቶቻችን ለእጃቸው ሕመም አንድ ቀን ሥራ መፍታትን እንደ ስንፍና መቁጠር የለባቸውም፤ በዚያ ቀን የሚድነው ጣት ለብዙ ዓመታት እንጀራ ይጋግራል።